ያኤል፣ ከአርባ አራት ሦስት

ጀሞ ሁለት፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ አረጋሽ፣

በጌታ ፍቅር የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ። የሰው አገር ብርድ አይንካዎ። እማዬና እኔ በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

እህቴን ያኤልን ከቀበርናት ዛሬ ሃያ ሁለተኛ ቀኗ ነው። እማዬ በስልክ «ጌታ በሰላም ወሰዳት» ስትልዎት አጠገቧ ነበርኩ። በሰላም አልነበረም። ልብስ እያጠበች ሳለ ያ የሚጥላት በሽታ መጣባትና በፊቷ ሳፋው ውስጥ ወደቀች። ውሃው አንድ ስንዝር አይሞላም። ሃያ አራት ዓመት የኖረ ሰው በስንዝር የሳሙና ውሃ ሞተ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ያገኘኋት እኔ ነኝ። የምታጥበው የኔን የስፖርት ቱታ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ነው። የእማዬን ስልክ ሁላችንም ስለምናየው በእሱ መጻፍ አልፈለግሁም። አባዬም ከሞያሌ መንገድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው።

በተቀበረች ማግስት አቅመ ደካሞችን በየቤቱ የሚጠይቀው ማኅበር ጎብኚ ትሩፋት መጣች። ለቅሶ የመጣች መስሎኝ ወንበር አቀረብኩላት። ጥቂት ከተቀመጠች በኋላ ታብሌቷን አወጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ኤልዬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ፋይሏን አሁን ልዝጋው ወይስ ሌላ ቀን ልምጣ?» አለችኝ።

«ፋይሏ ምን ይላል?»

«ያው… አረንጓዴ ናት። ሦስት ነጥብ።»

«ከስንት?»

«ከአርባ አራት።»

እኛ ክፍል ከአርባ አራት ሦስት ያመጣ ልጅ ወላጅ አምጣ ይባላል። እዚያ ግን ሦስት ማምጣት ምንም አትሆንም፣ በስድስት ወር አንዴ ብንጎበኛት ይበቃል ማለት ነው አለችኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ስታለቅስ እንባዋ እንዳይንጠባጠብበት ታብሌቱን ወደ ጎን አሸሸችው። ያን ጊዜ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ቀፈፈኝ።

ይህን ነጥብ የሚሰጠውን ቅጽ ከሦስት ዓመት በፊት ከኖርዌይ ያመጡት፣ ወደ አማርኛም የመለሱት እርስዎ መሆንዎን እማዬ ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ሰምቻለሁ። ራሳቸውን መጠበቅ የማይችሉ ትልልቅ ሰዎችን በሚጠብቅ የማዘጋጃ ቤት ክፍል እንደሚሠሩም አውቃለሁ። ስለዚህ የምጠይቀው እርስዎን ነው። አረንጓዴ ማለት «ይህች ሰው አትሞትም» ማለት ነው ወይስ «ብትሞት እኛ አንጠየቅም»?

ጸጋ ይብዛልዎ።
የእህትዎ ልጅ ኤልያቄም ቃለሕይወት


በርገን፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለኤልያቄም፣

እንባን የሚቆጥር አምላክ የእናንተንም አይርሳ። ለእህቴ ለሀና ትከሻዋን ያበርታላት፤ ለአባትህም መንገዱን ያቅናለት። እዚህ ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ትጠልቃለች፤ እኔ ግን ጤነኛ ነኝ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምመልስልህም ጨንቆኝ ነበር። ያኤልን ያዘልኳት እኔ ነኝ። ሆሳዕና ሳለን እናትህ ገበያ ስትውል ከጀርባዬ አትወርድም ነበር። ይህን እያሰብክ አንብበኝ።

ማኅበሩ አራት ጎብኚዎች አሉት። ቤቶቹ ሦስት መቶ ስምንት ናቸው። ቅጹ ሳይመጣ በፊት ጎብኚዎቹ የሚሄዱት ወደ ምድር ቤት፣ ሳቅ ወዳለበት፣ የራሳቸው ቸርች ሰው ወደሚኖርበት ቤት ነበር። አምስተኛ ፎቅ የሚወጣ አልነበረም። እዚያው ጀሞ ውስጥ አንዲት ሴት ጀርባዋ ከፍራሹ ጋር ተጣብቆ ነው የተገኘችው፤ ሁለት ዓመት በሯን ያንኳኳ የለም። ቅጹ የተዘጋጀው ለእንደሷ ዓይነቷ ነው። ሃያ ሁለት ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ይሰጠዋል። ከአሥራ አራት በላይ ቀይ ነው፤ በየሳምንቱ ይጎበኛል። ከስምንት እስከ አሥራ አራት ቢጫ፤ በየወሩ። ከዚያ በታች አረንጓዴ ነው። ማንም አይሞትም አይልም። «ወዴት ቀድመን እንሂድ» ለሚለው ብቻ ነው የሚመልሰው። አራት ሰው ሦስት መቶ በር እኩል ቢያንኳኳ ለሁሉም ዘግይቶ ይደርሳል።

አሁን ደግሞ ልለምንህ። በየካቲት የቅጹ ግምገማ ይቀርባል፤ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ሌሎች ወረዳዎችም ይወስዱታል። የምጽፈው እኔ ነኝ። የያኤልን ፋይል እንድጠቀምበት እናትህ የምትፈርምበትን ወረቀት አያይዣለሁ። ፈገግ ያለችበት ፎቶ ካለም ላክልኝ፤ ሽፋኑ ላይ ለመታሰቢያ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ትሩፋት ስትጠይቅ የመለሰላት ማን ነበር? ፋይሉ «የቤተሰብ አባል» ብቻ ነው የሚለው።

ትምህርትህን አትተው። እግዚአብሔር ይጠብቅህ።
አክስትህ አረጋሽ


ጀሞ ሁለት፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ አረጋሽ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጤናዎ ይብዛ።

ፎቶው አለ፤ አልልከውም። ያኤል የማንም ሽፋን አትሆንም። ወረቀቱንም እማዬ ብታየው «እህቴ ናት የላከችው» ብላ ሳታነበው ትፈርም ነበር። ስለዚህ አላሳየኋትም። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ጀርባዋ ፍራሽ ላይ ስለተጣበቀው ሴትዮ ያሉት እውነት እንደሆነ ገብቶኛል። ግን «ለመታሰቢያ» የሚለው ላይ ስደርስ ሦስቱንም ጊዜ ገጹን ዘጋሁት።

ስለ ሞተችው ይብቃ። ስላልሞቱት ልጻፍልዎ።

ከብሎካችን ጀርባ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ የጭቃ ቤት አለ። እማማ ገዲሴ የሚኖሩበት ነው። ይህ ሁሉ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት የእሳቸውና የባላቸው የጤፍ ማሳ ነበር። አሁን ሐሳባቸው ይመጣል ይሄዳል። ቤቱ ሲከፈት ማሳቸውን ሊያርሙ ይወጣሉ። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው የሰው አበባ ከነሥሩ እየነቀሉ አገኘናቸው። የአበባው ባለቤት ስትጮህባቸው «አንቺ ልጅ፣ አረሙ እህሉን ሊበላው ነው፤ ዝም ብለሽ ታያለሽ?» ብለው ተቆጧት።

ልጃቸው ኢሉ ባጃጅ ይነዳል። ጠዋት ሲወጣ ከውጭ ቆልፎባቸው ይሄዳል። ውስጥ የከሰል ምድጃ አለ። ትሩፋት ቅጹን ስትሞላ «ብቻቸውን ከቤት ወጥተው ጠፍተው ያውቃሉ?» ብላ ኢሉን ጠየቀችው። «አይወጡም» አላት። ዜሮ። የተቆለፈበት ሰው ስለማይጠፋ ዜሮ! «ከቤተሰብ ጋር ይኖራሉ?» አዎ፣ ዜሮ። በጠቅላላው አራት። አረንጓዴ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ትሩፋት ናት፤ እንዴት እንደምትተኛ አላውቅም።

ትናንት ኢሉን ተራው ላይ አገኘሁት።

«እማማን ለምን ትቆልፍባቸዋለህ?» አልኩት።

«ኧረ! ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ ወረዳ የሆንከው?»

«ያኤል እኮ ብቻዋን ሆና ነው የሞተችው።»

ፊቱን ወደ ባጃጁ አዞረ። ያፈረ መሰለኝ። ከዚያ የባጃጁን መስታወት መወልወል ጀመረ።

«ስማ ኤልያቄም። ባለፈው ክረምት ለቡ መንገድ ላይ ሲኖትራክ መሃል ቆማ በሬ ስትጠራ ነው ያገኘኋት። የሞተ በሬ! በስሙ! ባልቆልፍ መኪና ይገድላታል፣ ብቆልፍ ጭስ ይገድላታል። ተማሪ ነህ አይደል? የቱን ላክብብ?»

«ለትሩፋት ለምን አልነገርካትም?»

«ቆልፌባታለሁ ብዬ ላስመዝግብ? ፖሊስ ይዛ እንድትመጣ? ሂድ ወደዛ፣ ሰው አትከልክልብኝ።»

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎ። ማኅበሩ የእርስዎን ቃል ይሰማል። እማማ ገዲሴ በየሳምንቱ እንዲጎበኙ አንድ መስመር ይጻፉላቸው። እዚያ ቤት ሌላ ሳፋ ሳይመጣ።

ኤልያቄም


በርገን፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ለኤልያቄም፣

የጌታ ሰላም ከቤታችሁ አይራቅ። ገና እንዴት አለፈላችሁ? ሀና ስልኬን አታነሳም፤ ታማብኝ ይሆን?

ስለ ዘገየሁ ይቅር በለኝ። ስለ እማማ ገዲሴ ለማኅበሩ ጽፌ ነበር። መልሳቸው ይህ ነው፦ ቀድሞ የመለሰው ሰው ራሱ ከጠየቀ ቅጹ እንደገና ይሞላል። ያለዚያ ቀጣዩ ተራቸው ግንቦት ነው። እኔ ከዚህ ሆኜ የሰው ነጥብ መለወጥ አልችልም። እንዲህ ያደረግነው በወዳጅነት ነጥብ እንዳይለወጥ ብለን ነው።

ፎቶውን አልጠይቅህም። መጠየቄ ስህተት ነበር።

ጥያቄዬን ግን አልመለስክልኝም። ያኤል በወር አራትና አምስት ጊዜ ትወድቅ እንደነበር እኔ ከባሕር ማዶ አውቃለሁ። ፋይሉ ግን «ባለፉት ሦስት ወራት ወድቃለች?» ለሚለው «አልወደቀችም» ይላል። «መድኃኒት ታቋርጣለች?» ለሚለው «መድኃኒት አያስፈልጋትም» ይላል። ትሩፋት ሁለቱንም ዜሮ ሰጥታለች። ማን ነው እንዲህ ብሎ የመለሰው? ለመውቀስ አይደለም። ለግምገማው ማወቅ አለብኝ።

አረጋሽ


ጀሞ ሁለት፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ አረጋሽ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እማዬ አልታመመችም። ከማንም ጋር አታወራም እንጂ ትሠራለች፣ ቸርች ትሄዳለች፣ ትመለሳለች።

የመለስኩት እኔ ነኝ።

ሰኔ ውስጥ ነበር። ትሩፋት ቅጹን ልትሞላ ከመምጣቷ በፊት በነበረው እሑድ ያኤል ተጸለየላትና ወደ መድረክ ወጣች። አገልጋዩ «ዛሬ ያ መንፈስ ለቋታል!» አለ። ጉባኤው ተነስቶ እልል አለ። እማዬ ማይኩን ይዛ «ልጄ ድናለች» ብላ መሰከረች። አባዬ እንኳ ከዲላ ደውሎ በስልክ አለቀሰ። ያኤልም ደስ አላት። የተጨበጨበላት ያን ቀን ብቻ ነው። እማዬ ኪኒኗን ሰብስባ ከቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው፤ እየዋጡ ድኛለሁ ማለት አለማመን ነውና።

ማክሰኞ ወደቀች። ኮሪደሩ ላይ። እማዬ ከሥራ አልተመለሰችም ነበር። አፏን ጠረግኩላት፣ ቀሚሷን ቀየርኩላት። «ለእማዬ አትንገራት፣ እሺ? ታፍርብኛለች» አለችኝ። ሐሙስ ትሩፋት ቅጿን ይዛ መጣች። እማዬ ወጥ ቤት ሆና በሩን ከፍታ ትሰማለች።

«ባለፉት ሦስት ወራት ወድቃለች?»

እኛ ቤት በዚህ ጊዜ የሚባለውን እርስዎም ያውቁታል። በአፍህ ክፉ አትናገር፣ የተናገርከው ይሆንብሃል። የተቀበልከውን ፈውስ በአፍህ አታፍርስ። «በኢየሱስ ስም አትወድቅም» አልኩ። ትሩፋት ከታብሌቷ ቀና ብላ አየችኝ። እሷም አማኝ ናት። «አሜን» አለችና ዜሮ ነካች።

«መድኃኒት ታቋርጣለች?»

«አያስፈልጋትም።»

«አሜን።» ዜሮ።

ያኤል እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ጉልበቷ ላይ የማክሰኞው ቁስል ገና አልደረቀም። ቀሚሷን ወደ ታች ጎተተችና ለኔ ሳቀችልኝ። ሃያ ሁለቱም ጥያቄ እንዲሁ በኔ መልስና በአሜን አለቀ፤ አንዱንም እሷን የጠየቃት የለም። ቅጽዎ እሷን ጠይቁ አይልም። ባለፈው ሳምንት ቅጹን ከትሩፋት ለምኜ በእውነቱ ሞላሁት። አሥራ ስድስት ይመጣል። ቀይ ነበረች። እኔ ነኝ አረንጓዴ ያደረግኳት። ቅጹን ተጸይፌያለሁ፣ ትሩፋትን ተጸይፌያለሁ፣ መስታወት ፊት ስቆም ግን ከሁሉም አብልጬ የምጸየፈውን ሰው አያለሁ። ይህን በግምገማው ላይ ይጻፉት። «የቤተሰብ አባል» አይበሉ። «ወንድሟ፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ዋሸ» ይበሉ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ወደ ኢሉ ሄድኩ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። ባጃጁ ውስጥ ሆነን ነበር። ሞተሩን አጠፋው።

«ለእናትህ ነግረሃታል?» አለኝ።

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያ ከኔ ትብሳለህ» አለ። ከዚያ «ለያቺ ልጅ ደውልላት» አለኝ።

ትሩፋት መጣች። ኢሉ እያላበው መለሰ። ቆልፌ እሄዳለሁ፤ አዎ ምድጃው ውስጥ ነው፤ አዎ አንድ ጊዜ ነጠላዋ ተያይዞ ነበር፤ አዎ አንድ ቀን ተናድጄ እጇን ጠምዝዣታለሁ። እማማ አጠገቡ ሆነው «ይህ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው የምታስጨንቂው? ተይው እባክሽ» ይሏታል። አሥራ ሰባት ነጥብ መጣ። ኢሉ እፎይ አለ። እንደዚያ እፎይ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ትሩፋት ደወለች። ከጥር ወር ጀምሮ የቀዩ መስመር ከአሥራ አራት ወደ አሥራ ዘጠኝ ከፍ ብሏል አለች። ቀይ ቤቶች ስለበዙ። አሥራ ሰባት አሁን ቢጫ ነው። ምድጃውም፣ ቁልፉም፣ የተጠመዘዘው እጅም ቢጫ ነው። በወር አንዴ።

ሰውየውን እውነት አናግሬ አዋረድኩት፤ እነሱ መስመሩን አነሱት። ማን ነው ያነሳው?

ኤልያቄም


በርገን፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤልያቄም፣

ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ማኅበሩ የጠየቀኝ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤህ ደርሶኝ ገና ሳልመልስልህ። ቀዮቹ ሰባ ሁለት ሆነው ነበር፤ አራት ሰው በሳምንት ከአርባ ቤት በላይ አይደርስም። ስንት ላይ ቢሆን አርባ እንደሚመጣ ሠራሁና አሥራ ዘጠኝ አልኩ። እዚህም እንዲሁ ነው የምናደርገው። የሰዎቹ አደጋ አልቀነሰም፤ እኛ ነን መቁጠር ያቆምነው። ከዚያ ቁጭ ብዬ ላንተ ቅጹ «ወዴት ቀድመን እንሂድ» ለሚለው ብቻ ነው ብዬ መለስኩልህ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ነው የጻፍኳቸው። ስለዚህ ከሚቀፉህ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ እኔንም አስገባኝ። ራስህን ግን ከኔ በላይ አታድርገው። አንተ ፈርተህ ነው፣ እኔ አስልቼ ነው።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ያለፈውን ዓመት ፋይሎች አንድ በአንድ አየሁ። በዓመቱ ክፉ ጉዳት የደረሰባቸው ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ስድስቱ አረንጓዴ ነበሩ። በስድስቱም ቤት የመለሰው ሌላ ሰው ነው፤ በስድስቱም ቤት ባለጉዳዩ እዚያው ተቀምጧል። ይህን ጽፌዋለሁ። ያኤልንም በስሟ ጽፌያታለሁ። «ዋሸ» አላልኩም። «የአሥራ ሰባት ዓመት ወንድሟ እናቱ እየሰማች ተጠየቀ» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ጥፋቱ የጠያቂው ነውና። ማኅበሩ ገጹን አውጪው ብሎኛል። ካወጣችሁት ስሜንም አውጡት ብዬ ልኬዋለሁ። ወረዳዎቹ ቅጹን ይውሰዱት አይውሰዱት ገና አላውቅም።

እማማ ገዲሴ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ በየሳምንቱ ይጎበኛሉ። ትሩፋት ቁልፉን ከጎረቤት ዘንድ ታስቀምጣለች፤ ምድጃውም ወደ ውጭ ይወጣል። ለአንድ ሰው ብቻ መስመሩን እንዲያልፉ ለምኜ ተፈቀደልኝ።

እንዴት እንደተፈቀደ ልደብቅህ ነበር። ግን አንተ ሁሉን ጽፈህልኛል። አርባው ሙሉ ነው። እሳቸው እንዲገቡ አንድ ሰው መውረድ ነበረበት፤ ምረጪ አሉኝ። ሃያ ነጥብ ካላቸው አንዱን መረጥኩ። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ከእህታቸው ልጅ ጋር የሚኖሩ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ናቸው። ቢጫ ሆነዋል። ስማቸውን ብነግርህ ምን ይጠቅምሃል?

ለሀና ልደውልላት ስል ድምፄ ይጠፋኛል። ሳምልኝ።
አረጋሽ


ጀሞ ሁለት፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ አረጋሽ፣

ደብዳቤዎን አሁን አነበብኩት፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ሊዘጋ ነው። ሰላምታውን ሌላ ጊዜ አሟላዋለሁ።

ለእማማ አንድ መስመር ይጻፉ ስልዎት ሌላ ሰው ከወረፋው የሚወጣ አልመሰለኝም ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ትናንት ለእማዬ ነገርኳት። የማክሰኞውንም፣ የሐሙሱንም። አልመታችኝም። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ኪኒን አውርዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችውና አንድ በአንድ ትቆጥር ጀመር። ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያ ጀመረች። ይደውሉላት። ድምፅዎ ቢጠፋም ይደውሉላት።

የሽማግሌውን ስምና የቤታቸውን ቁጥር ይላኩልኝ። ቅዳሜ ትምህርት የለም። ኢሉ ያደርሰኛል። የእህታቸውን ልጅ አልጠይቀውም፤ ራሳቸውን ነው የምጠይቃቸው።

ኤልያቄም